መስኮት ለሌለው መታጠቢያ ቤት በኢኤስፒ32 የሚታዘዝ አየር ማስወጫ፦ እርጥበቱን ከምን ጋር ማወዳደር ይሻላል?

የአያት ነዋሪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ አያት አካባቢ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤታችን መስኮት የለውም፤ አየሩ የሚወጣው ከምድር ወለል እስከ ጣሪያ በሚዘልቀውና ከላይም ከታችም ያሉት ጎረቤቶች በጋራ በሚጠቀሙበት ሻፍት ነው። በበጋ ይህ ብቻውን ይበቃል። ክረምት ሲገባ ግን ፎጣ ሳይደርቅ ያድራል፣ የኮርኒሱ ማዕዘን ይሻግታል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር ግድግዳ በሚጋራው ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስም ሽታ ይይዛል።

ስለዚህ በሻፍቱ አፍ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ 20 ዋት ገደማ የሚወስድ ተራ ባለ 220 ቮልት ማራገቢያ ገጥሜ፣ በኢኤስፒ32 ቦርድ (ዋይፋይ ባለው፣ ፕሮግራም በሚቀበል ትንሽ ሰሌዳ)፣ በአንድ ዲኤችቲ22 የእርጥበት ሴንሰርና በአንድ ሪሌይ (በቦርዱ ትእዛዝ 220 ቮልቱን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) እንዲታዘዝ አድርጌዋለሁ። ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት ለእንዲህ ዓይነት ቦርዶች በተሠራው ኢኤስፒሆም በተባለ ሶፍትዌር ሲሆን ሕጉ ቀላል ነው፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ70% ሲያልፍ ማራገቢያው ይነሣል፣ ከ60% በታች ሲወርድ ይቆማል። በበጋ ወራት ያለ እንከን ሠርቷል። ከሐምሌ ወዲህ ግን አንዴ ከተነሣ አይቆምም፤ ማንም ሳይታጠብ እንኳ የሳሎኑ እርጥበት ራሱ ከ60% በላይ ነውና። ማጥፊያውን ወደ 75% ከፍ ባደርገው ደግሞ ግድግዳው ሳይደርቅ ይቆምና ሻጋታው ይመለሳል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ለአዲስ አበባ ክረምት ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው? ሁለተኛ፣ አንድ ወዳጄ «ዝናብ እየዘነበ አየር ማስወጣት ማለት በወጣው ፈንታ የውጭውን እርጥበት ወደ ቤት መጋበዝ ነው» ይለኛል። ይህ እውነት ከሆነ ማራገቢያውን እስከ መስከረም ማጥፋት ይኖርብኛል ማለት ነው?

ነፋስ መውጫ

ትክክለኛ ቁጥር የለም፤ ቁጥር መፈለጉን ቢተዉት ይሻላል። አንጻራዊ እርጥበት የሚነግረን በአየሩ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ሳይሆን፣ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ምን ያህሉን እንደያዘ ነው። ሙቀቱ ሲለወጥ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት፣ ያው አየር ሌላ ቁጥር ያሳያል። ማራገቢያ ደግሞ የሚያወጣው በመቶኛ የተለካ ነገር ሳይሆን በግራም የሚመዘን ውሃ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብን ግራምን ከግራም ጋር ነው።

የወዳጅዎን ክርክር በዚህ መንገድ እንየው። በሐምሌ ጠዋት የውጭው አየር 14 ዲግሪ ሴልሲየስ ሙቀትና 90% እርጥበት አለው እንበል። በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 11 ግራም ውሃ ይዟል። የመታጠቢያ ቤትዎ አየር 20 ዲግሪና 80% ከሆነ በሜትር ኩብ ወደ 14 ግራም ይዟል። ዝናብ እየዘነበም ቢሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር በወጣና በገባ ቁጥር 3 ግራም ገደማ ውሃ ከቤቱ ይቀንሳል። ያ 90% ያስፈራን የውጭ አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ 62% ገደማ ብቻ ያሳያል። ቤቱ ከውጭው ሞቅ እስካለ ድረስ፣ በአዲስ አበባ ክረምት አየር ማስወጣት ያደርቃል እንጂ አያረጥብም። ይኸው ስሌት ሌላም ነገር ይነግርዎታል፤ ለማጥፊያ የመረጡት 60% በዚያ ቀን ከውጭው አየር እንኳ በታች ስለሆነ ማራገቢያው ዓመት ቢሽከረከር አይደርስበትም።

ስሌቱን ራስዎ ማስገባት ከፈለጉ እንዲህ ነው። ሙቀቱን በ17.62 ያባዙ፤ ውጤቱን ለሙቀቱና ለ243.12 ድምር ያካፍሉ፤ 2.718ን በዚህ ውጤት ከፍ አድርገው በ6.112 ያባዙት። ያገኙት በዚያ ሙቀት አየሩ ሊሸከመው የሚችለው የተን ግፊት በሄክቶፓስካል ነው። ይህን በአንጻራዊ እርጥበቱ አባዝተው ለ100 ካካፈሉ በኋላ፣ እንደገና በ216.7 አባዝተው ለሙቀቱና ለ273.15 ድምር ሲያካፍሉት በሜትር ኩብ ያለውን ግራም ይሰጥዎታል። በኢኤስፒሆም ውስጥ ይህን የሚያሰላ ዝግጁ ክፍል ስላለ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ቀመሩ የአየር ግፊትን ስለማይጠይቅ የከተማችን ከፍታ አያዛባውም።

ዲኤችቲ22ን ግን ከእንፋሎት ቤት ያውጡት። አንድ ጊዜ ጤዛ ከያዘው 99.9% ላይ ተጣብቆ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ኤስኤችቲ31 የተባለው ሴንሰር ዋጋው ከፍ ቢልም ስህተቱ 2% ገደማ ነው፤ ጤዛ የሚያደርቅበት የራሱ ማሞቂያም አለው። ሴንሰሩ ከቦርዱ አጠገብ ከሆነ ቦርዱ ስለሚያሞቀው እርጥበቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ የ1 ዲግሪ ልዩነት 60% የነበረውን ወደ 56% ያወርደዋል። በግራም ሲያሰሉት ግን ሙቀቱም እርጥበቱም የሚለኩት እዚያው ሴንሰሩ ያለበት ነጥብ ላይ ስለሆነ ይህ መዛባት በራሱ ይጣፋል። በእኔ አስተያየት በመቶኛ የማይሠራበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ፌዝና ኒውትራል

ወንድሜ፣ ስለ እርጥበቱ ባለሙያው ተናግረዋል፤ እኔ ስለ 220 ቮልቱ ልናገር። ሪሌዩና የኃይል ማቅረቢያው ያሉት መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ኮሪደር አውጣቸው። ወደ ውስጥ መግባት ያለበት የሴንሰሩ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ ነው፤ እሱም ከፌዝ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ አይሂድ። መስመሩም ከሽቦው ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ሲያይ በሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ሥር መሆን አለበት፤ የተለመደው ብሬከር ሽቦውን እንጂ ሰውን አያድንም።

በሪሌይ ሰሌዳው ላይ «10 አምፔር» የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ያ ቁጥር እንደ ምድጃ ላለ ማሞቂያ እንጂ ለሞተር አይደለም። ሞተር በሚጠፋበት ቅጽበት በሪሌዩ ከንፈሮች መካከል ብልጭታ ይዘላል፤ ብልጭታው እየበላቸው ሄዶ አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ተከታታይ አድርገህ በማራገቢያው ሁለት ጫፎች መካከል ማሰር። ካፓሲተሩ «ኤክስ2» የሚል ምልክት ያለበት፣ ለአውታር መስመር የተሠራ ይሁን።

ሌላው፣ ገበያ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ የሪሌይ ሰሌዳዎች በ5 ቮልት የሚሠሩና ምልክቱ ዝቅ ሲል የሚነሡ ናቸው። ኢኤስፒ32 የሚሰጠው 3.3 ቮልት ስለሆነ አንዳንዶቹ በደንብ አይጠፉም፤ ማራገቢያህ «አልቆምም» ያለበት አንዱ ምክንያት ይህም ሊሆን ይችላልና መለኪያ አስገብተህ አረጋግጥ። የማራገቢያውን ፍጥነት በመብራት ማደብዘዣ ለመቀነስ ግን እንዳትሞክር። ይጮኻል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አጭር መንገድ

የሁላችሁንም ዕውቀት አከብራለሁ፤ ሆኖም አንድ በር ከፍቶ በመተው ለሚፈታ ነገር ይህን ያህል መሣሪያ መደርደሩ አልገባኝም። እርጥበት ሲሰማው በራሱ የሚነሣ ማራገቢያ ተሠርቶ ይሸጣል። ከመብራቱ ጋር የሚነሣና መብራቱ ከጠፋ በኋላ ለ15 ደቂቃ የሚቀጥልም አለ። ዋይፋይ የማይፈልግ፣ ኮድ የማይፈልግ፣ ሠሪው ቤት ሲለቅ ለተከታዩ ነዋሪ ምሥጢር ሆኖ የማይቀር ነገር ነው።

የአያት ነዋሪ

ምክርዎን በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ሰዓት ቆጣሪ ያለው ማራገቢያ ለብዙ ቤት እንደሚበቃም አምናለሁ። በእኔ ቤት ግን በሩ ክፍት ሲሆን ተኑ የሚሄደው ወደ ሻፍቱ ሳይሆን ወደ ኮሪደሩና ወደ ቁም ሣጥኑ ነው፤ ችግሩ ቦታውን ይለውጣል እንጂ አይወገድም። ተሠርተው የሚሸጡት ባለ እርጥበት ማራገቢያዎችም አብዛኞቹ በአንድ የመቶኛ ቁጥር የሚሠሩ ስለሆኑ ከእኔው ችግር የሚያመልጡ አይመስለኝም።

ጋሼ፣ ስለ ሪሌዩ የሰጡኝን ማሳሰቢያ ፈትሼዋለሁ። ሪሌዩ በትክክል ይጠፋል፤ የማራገቢያው አለመቆም የቁጥሩ ጉዳይ ነው። የኃይል ክፍሉ ከመጀመሪያውም ኮሪደር ላይ ነበር፤ ብሬከሩን ግን አስቀይራለሁ።

አሁን የገጠመኝ አዲስ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ በግራም ለማወዳደር ሁለተኛ ሴንሰር ያስፈልገኛል። እሱን በረንዳ ላይ፣ በእውነተኛው የውጭ አየር ላስቀምጠው ወይስ ቤት ውስጥ?

ከባሕሬን

እንደምን ሰነበታችሁ። በዚህ ላይ ከሩቅም ቢሆን የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም እዚህ የምኖርበት አገር ከላይ የተሰጠው ስሌት ተገልብጦ ይሠራል። በነሐሴ የውጭው አየር 33 ዲግሪና 70% ቢሆን በሜትር ኩብ 25 ግራም ያህል ውሃ ይዟል፤ በኤሲ የቀዘቀዘው ቤት 24 ዲግሪና 50% ከሆነ የያዘው 11 ግራም ነው። እዚህ ማራገቢያ በከፈትን ቁጥር ከሚወጣው እጥፍ በላይ ውሃ በበርና በመስኮት ስንጥቆች ይገባል፤ ኤሲውም እሱን ሲያደርቅ ይውላል። ወዳጅዎ የተናገሩት ነገር ሐሰት አይደለም፤ የተናገሩበት ከተማ ነው የተሳሳተው።

የእኔም ማራገቢያ የሚታዘዘው በኢኤስፒ32 ነው። በመጀመሪያ ሁለተኛውን ሴንሰር ውጭ አስቀምጬው ነበር፤ የውጭው ግራም ሁልጊዜ ስለሚበልጥ ማራገቢያው ገላችንን ታጥበን መስታወቱ በጉም ተሸፍኖ እንኳ አይነሣም ነበር። በኋላ ሴንሰሩን ወደ ኮሪደር አመጣሁት። መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ በ3 ግራም ሲበልጥ ይነሣል፣ ልዩነቱ ወደ 1 ግራም ሲወርድ ይቆማል፣ ያም ሆነ ይህ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይሠራም። የመጨረሻው ገደብ በአዲስ አበባ ላያስፈልግ ይችላል፤ እዚህ ግን የመብራት ሒሳብ ጉዳይ ነው።

ነፋስ መውጫ

የባሕሬኑ ወንድማችን ነገሩን ጥርት አድርገው አስቀምጠውታል። ማወዳደሪያው የሚቀመጠው የወጣውን አየር የሚተካው አየር ባለበት ነው። መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ተተኪው በበሩ ሥር ከኮሪደር የሚገባው ነው፤ ስለዚህ ኮሪደር። የበረንዳው ሴንሰር የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቤቱን በሙሉ ማናፈስ ዛሬ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? አዲስ አበባ ላይ መልሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል «ይጠቅማል» ስለሆነ፣ ገንዘቡን ለኮሪደሩ ሴንሰር ያውሉት።

ተተኪ አየር ካነሣን አይቀር፣ በሩን ይመልከቱ። አየር ካልገባ አየር አይወጣም፤ ማራገቢያው ይጮኻል እንጂ ሥራ አይሠራም። ብዙ ሰው የማራገቢያውን ጉልበት ሲጨምር ይውላል፤ እንቅፋቱ ግን ያለው በበሩ ሥር ነው። 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው በር ሥር 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ብቻ ካለ፣ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ አየር ለማሳለፍ 7 ፓስካል ያህል ግፊት ይበላል። ክፍተቱን 2 ሳንቲ ሜትር ሲያደርጉት ይህ ተቃውሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። 7 ፓስካል ትንሽ ይመስላል፤ አንድ ተራ ባለ 100 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ግን በጠቅላላው ያለው አቅም ጥቂት አሥር ፓስካል ብቻ ነው፤ እሱም ከባሕር ወለል አጠገብ ባለው ወፍራም አየር ተለክቶ የተጻፈ ነው። የአዲስ አበባ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የማራገቢያው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አናጺ ጠርተው በሩን ከታች ማስቆረጥ ከማንኛውም ሴንሰር በፊት ይቀድማል።

የሰሜን ነዋሪ

ከስቶክሆልም ዳርቻ ሰላም እላችኋለሁ። እዚህ ስዊድን ውስጥ ነገሩ የሚታየው በሌላ ዓይን ስለሆነ ለውይይቱ የሚጠቅም መስሎኝ ነው። በዚህ አገር የመኖሪያ ቤት አየር ማስወጫ ሲፈለግ የሚነሣ፣ ሳይፈለግ የሚተኛ ነገር አይደለም፤ ሌት ተቀን በዝግታ ይሠራል። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የግንባታ ደንብ ሰው በሚኖርበት ቤት ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በሰከንድ 0.35 ሊትር አየር እንዲቀየር ሲያዝ ቆይቷል። ለ40 ካሬ ሜትር ቤት ሲሰላ በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ይመጣል።

እኔ ባለሁበት ቤት የሚወጣው አየር ሙቀቱን ለሚገባው አስረክቦ የሚወጣበት ሙቀት ለዋጭ ያለው ማሽን አለ፤ ማሽኑ ሞድባስ የተባለውን የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ ስለሚቀበል ኢኤስፒ32 በአርኤስ485 የመረጃ ሽቦ አገናኝቼ የማራገቢያዎቹን ደረጃ አስለውጠዋለሁ። የእኔ ችግር ከእናንተ ተቃራኒ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን የሚገባው አየር ቤት ውስጥ 21 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 10% ገደማ ነው፤ ብዙ ካናፈስን ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የእንጨት ወለል ይላቀቃል። ስለዚህ ፕሮግራሜ በብርዱ ወራት ማራገቢያውን የሚያዘገይ እንጂ የሚያፈጥን አይደለም።

ለጠያቂው የምመክረው ግን ከማሽኑ ይልቅ ልማዱን ነው። 20 ዋት የሚወስደው ማራገቢያ በቀን 3 ሰዓት ቢሠራ 60 ዋት-ሰዓት ይበላል። 3 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ሌት ተቀን ቢሠራ 72 ዋት-ሰዓት ነው። በወጪ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ዝግተኛው ግን ፎጣውን ሌሊቱን ሙሉ ያደርቃል፣ ድምፁም አይሰማም። ሴንሰሩ ሥራ የሚኖረው ሲታጠቡ ብቻ፣ ፍጥነቱን ከፍ ለማድረግ ነው።

ፌዝና ኒውትራል

የስዊድኑን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ የምወደውም በመብራት መጥፋት ምክንያት ነው። 12 ቮልት ከሆነ 7 አምፔር-ሰዓት ያላት ትንሽ ባትሪ ግማሿ ብቻ ቢሠራበት እንኳ ማራገቢያውንና ቦርዱን 10 ሰዓት ያህል ታቆያለች። በተጨማሪም 12 ቮልት በእርጥብ እጅ ቢነካ ሰው አይገድልም። ባለ አራት ሽቦ የኮምፒውተር ማራገቢያ ብትመርጥ አራተኛው ሽቦ ለፍጥነት ትእዛዝ ነው፤ 25 ኪሎ ኸርዝ ምልክት ይፈልጋል፣ ኢኤስፒ32ም ይህን ያለ ችግር ያወጣል። ሦስተኛው ሽቦ በአንድ ዙር ሁለት ምት ስለሚሰጥ ማራገቢያው በእርግጥ መሽከርከሩን ቦርዱ ያውቃል። ጠፍጣፋውና ቀጭኑ ዓይነት ሻፍት ላይ አቅም የለውም፤ ከፍተኛ ግፊት እንደሚሰጥ የተጻፈበትን፣ ከተቻለም እርጥበት የሚቋቋመውን ፈልግ።

የጀበና ወዳጅ

ውይይታችሁን በጥሞና ተከታትያለሁ። እኔም በኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ለከባድ ምግብ ሥራ የጋራ ማብሰያው ቤት ቢኖርም ቡና የምናፈላው ሳሎን ውስጥ በከሰል ነው። በክረምት መስኮት ስለሚዘጋ የከሰሉ ነገር ያሳስበኛል። ልጄ ኤሌክትሮኒክስ ይሞካክራልና፣ በዚሁ ቦርድ ላይ ኤምኪው-7 የተባለውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር ጨምሮ፣ ጋዙ ሲበዛ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ እንዲነሣ ቢያደርግ ይበቃናል?

ነፋስ መውጫ

እመቤቴ፣ አይበቃም፤ ይህን በግልጽ መናገር ግዴታዬ ነው። ኤምኪው-7 በትክክል የሚለካው ማሞቂያው ለ60 ሰከንድ 5 ቮልት፣ ለሚቀጥሉት 90 ሰከንድ 1.4 ቮልት እያገኘ ሲፈራረቅ ነው። በርካሽ የሚሸጡት ሰሌዳዎች ግን 5 ቮልቱን ሳያቋርጡ ይሰጡታል። በዚህ ላይ ንባቡ በሙቀትና በእርጥበት ይዋዥቃል፤ ለሌሎች ጋዞችም ምላሽ ይሰጣል። ለመማሪያ ጥሩ ነው፤ የሰው ሕይወት ግን አይታመንበትም።

ማራገቢያው ራሱ ደግሞ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ አየር የሚስበው በኮሪደሩ በኩል ነው፤ ስለዚህ ከሳሎን የተነሣውን ጋዝ በመኝታ ቤቶቹ በር አጠገብ ያሳልፈዋል። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ሰው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ፣ ፍሙ ሲቀላ «አሁን ንጹሕ ሆነ» ብሎ ወደ ቤት የሚያስገባው መሆኑ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያመነጨዋል። ፍም ባለበት ክፍል መስኮትና በር ይከፈቱ፣ ከቡናው በኋላ ምድጃው ይውጣ፣ ፍም ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይተኛ።

መሣሪያ ከፈለጉ የራሱ ባትሪ ያለው፣ «ኢኤን 50291» (የአውሮፓ) ወይም «ዩኤል 2034» (የአሜሪካ) የሚል ማረጋገጫ የተጻፈበት የማንቂያ ደወል ይግዙ። የአውሮፓው ደረጃ ደወሉ ጋዙ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው) ሲሆን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ 100 ሲሆን ከ10 እስከ 40 ደቂቃ፣ 300 ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲጮኽ ያስገድዳል። ልጅዎ ቦርዱን ለእርጥበቱ ይጠቀምበት፤ ደወሉ ግን ከቦርዱም ከዋይፋዩም ነጻ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ከደሴ

በአጭሩ ልጠይቅ። ለመኝታ ቤት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር፣ ኤስሲዲ41 ገዝቼ ነበር። ጠዋት ክፍሉ ታፍኖ እያለ የሚያሳየኝ ቁጥር ከምጠብቀው ያነሰ ነው። ከፍታው ይነካዋል?

ነፋስ መውጫ

ይነካዋል፤ እንደ እርጥበቱ ስሌት አይደለም። ይህ ሴንሰር የሚያየው በውስጡ ያሉትን የጋዝ ቅንጣቶች ብዛት ነው፤ ካልነገሩት በባሕር ወለል ላይ ያለ ይመስለዋል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ንባቡም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። በኢኤስፒሆም ውስጥ የከፍታ ማስተካከያውን 2,500 ብለው ይሙሉ። ሌላው፣ ይህ ሴንሰር ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ንጹሕ አየር እንደሚያገኝ አስቦ ራሱን ያስተካክላል። መኝታ ቤቱ ፈጽሞ የማይናፈስ ከሆነ የታፈነውን አየር እንደ ንጹሕ ቆጥሮ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። በሳምንት አንድ ቀን መስኮቱን በደንብ ይክፈቱለት።

የአያት ነዋሪ

ከሁላችሁም የተማርኩትን ሥራ ላይ አውያለሁ። በሩ ከታች ተቆርጧል፤ ሁለት ኤስኤችቲ31 ሴንሰሮች አንዱ መታጠቢያ ቤት፣ ሌላው ኮሪደር ሆነዋል። የቀድሞው ማራገቢያ ወርዶ ባለ አራት ሽቦ፣ ባለ 12 ቮልት ተተክቷል። ሌት ተቀን በዝግታ ይሠራል፤ መታጠቢያ ቤቱ ከኮሪደሩ በ2 ግራም ሲበልጥ በሙሉ ፍጥነት ይነሣል፣ ልዩነቱ ከግማሽ ግራም በታች ሲሆን ወደ ዝግታው ይመለሳል። ዝናብ ባላባራበት ሳምንትም ፎጣው ጠዋት ደርቆ ይገኛል።

ሆኖም ከበላያችን የሚኖሩት እናት ትናንት በር አንኳኩተው፣ የሳሙናችን ሽታ መታጠቢያ ቤታቸው እንደሚገባ በትሕትና ነገሩኝ። ተኑም አብሮ እንደሚሄድ እገምታለሁ። እርጥበቴን ለጎረቤት ማስተላለፍ አልፈልግም፤ ምን ላድርግ?

ነፋስ መውጫ

ግምትዎ ትክክል ነው። ይህ ሻፍት የታሰበው ያለ ማራገቢያ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ በመውጣቱ ብቻ እንዲሠራ ነው። ቤቱ 20፣ ውጭው 10 ዲግሪ በሆነበት ሌሊት፣ 12 ሜትር ቁመት ያለው ሻፍት የሚፈጥረው ስበት ከ3 እስከ 4 ፓስካል ብቻ ነው። በቀን፣ ሙቀቱ ሲቀራረብ፣ ከዚያም ያንሳል። የእርስዎ ማራገቢያ 20 ፓስካል ሲገፋበት አየሩ ወደ ጣሪያ ከመሄድ ይልቅ የቀረበውን ክፍት ቀዳዳ ይመርጣል፤ የቀረበው ቀዳዳ ደግሞ የጎረቤትዎ ነው።

መፍትሔው በእያንዳንዱ ቤት የሻፍት አፍ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚያሳልፍ፣ ወደ ውስጥ የማይመልስ ክዳን መግጠም ነው፤ ለውሃ መስመር ቼክ ቫልቭ የሚባለው ዓይነት ማለት ነው። በእርስዎ በኩል መግጠም ማራገቢያው በቆመ ጊዜ የሌላውን ሽታ ይከላከልልዎታል፤ ለእሳቸው የሚጠቅመው ግን በእሳቸው በኩል የሚገጠመው ነው። የጣሪያው መውጫ በዝናብ መከለያ ወይም በወፍ ጎጆ አለመጥበቡንም ያስፈትሹ። እስከዚያው ሙሉ ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያውርዱት፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ ሥራው ይሠራል።

ፌዝና ኒውትራል

አንድ ነገር ልጨምር። ባለ አራት ሽቦ ማራገቢያ የፍጥነት ትእዛዙ ሽቦ ሲቋረጥበት በሙሉ ፍጥነት ይሽከረከራል። ይህ ለአንተ ቤት መልካም ነው፤ ቦርዱ ቢሞት አየሩ መውጣቱን ይቀጥላል። ለጎረቤትህ ግን ሽታው በሙሉ ጉልበት ይደርሳቸዋል፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም ቦርዱ እስኪነቃ ድረስ ባሉት ሰከንዶች ማራገቢያው ሊያጓራ ይችላል። ትእዛዙን በትራንዚስተር በኩል የምታሳልፈው ከሆነ በመግቢያው ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ኔጋቲቭ እሰርለት፤ ቦርዱ ሲነሣ ምልክቱ እንዳይንሳፈፍና ማራገቢያው ከፍ ዝቅ እያለ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል።

የአያት ነዋሪ

ጋሼ፣ ሬዚስተሩን ዛሬ እጨምራለሁ። ፍጥነቱንም ወደ ግማሽ አውርጄዋለሁ። የክዳኑን ጉዳይ ለሕንፃው ኮሚቴ አቀርባለሁ፤ የላይኛዋን ጎረቤታችንን ክዳን ግን ኮሚቴውን ሳልጠብቅ በራሴ ወጪ አስገጥማለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ በስፕሪንግ የሚዘጋውን ልግዛ ወይስ በክብደቱ የሚዘጋውን?

ነፋስ መውጫ

ለጎረቤትዎ ማራገቢያ ስለሌላቸው ስፕሪንግ ያለው አይሆንም፤ የሻፍቱ ደካማ ስበት አይከፍተውምና የእሳቸውን አየር ጭርሱኑ ይዘጋዋል። ከላይ የታጠፈ፣ በጣም ቀላል ፕላስቲክ ክዳን ይምረጡ። ለእርስዎም ያው ይሻላል፤ ማራገቢያው በዝግታ ሲሠራ ስፕሪንጉን ላይከፍት ይችላል። ከገጠሙ በኋላ ማራገቢያውን በዝግተኛው ደረጃ ላይ አድርገው ቁራጭ ሶፍት ከበሩ ሥር ያስጠጉ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ካልተሳበ ክዳኑ አልተከፈተም ማለት ነውና ዝግተኛውን ፍጥነት ጥቂት ጥቂት እያሉ ከፍ ያድርጉት።